«ሲስተም የለም»

በዚህ ዘመን አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጉዳይ ለማስፈጸም ከቤቱ ሲወጣ ከሚሰማቸው ቃላት መካከል «ሲስተም የለም» የሚለውን ያህል ተስፋ የሚያስቆርጥ ያለ አይመስለንም። በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከወረዳዎቹ በአንዱ መታወቂያ ሊያሳድስ የሄደ፣ አዲሱ ገበያ ባንክ ውስጥ ወረፋ የያዘ፣ በሽተኛ ይዞ ካርድ ሊያወጣ የቆመ፣ ሁሉም ይህችን ቃል ሰምቶ ወደ መጣበት ተመልሷል። ቃሏ አጭር ናት። የሌለው ማን ነው? ወዴት ሄደ? መቼ ይመለሳል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አሁን ያቀረብኩት ጉዳይ ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም? ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አይገኝም፤ ቢገኝም ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሠራተኛ ከጠያቂው የበለጠ የሚያውቀው ነገር የለውም።

ይህን ጉዳይ በተማሪዎች መጽሔት ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአራት ኪሎና በአምስት ኪሎ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር የምንማር ብዙዎች ነን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ «የለም» የሚባለውን ሲስተም የምንጽፈው እኛው ነን። ሕግና ኤኮኖሚክስ የሚማሩት ጓደኞቻችንም በሲስተሙ የሚሠሩ፣ ሲስተሙን የሚገዙና የሚያዝዙ ይሆናሉ። እንግዲህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ልንናገር የፈለግነው ነገር አንድ ነው። በኔትወርክ ተልኮ መልሱ ያልመጣ ጥያቄ ዕጣው ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው፤ ይኸውም ወይ ተሳክቷል፣ ወይ ወድቋል፣ ወይ ደግሞ አልታወቀም። ሦስተኛውን ዘንግቶ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ተጠቃሚውን ይዋሸዋል። ውሸቱ የሚያርፈውም ዘወትር ማለት ይቻላል አቅም በሌለው ሰው ጫንቃ ላይ ነው።

ከሌላ የትምህርት ክፍል ለሆኑ ወንድሞችና እህቶች ነገሩን እናፍታታው። አንዲት እናት ልጇን ስኳር ግዛ ብላ ሱቅ ስትልክ ደጃፍ ላይ ቆማ አትጠብቀውም፤ ቡናዋን መቁላቷን ትቀጥላለች፤ ልጁ ሲመለስ ስኳሩን ትቀበለዋለች። ብሮውዘርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ጥያቄውን ወደ ሰርቨር ይልካል፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ሥራውን ይሠራል። ልጁ ግን ቢዘገይስ? ገንዘቡን ጥሎት ይሆናል፤ ሱቁ ተዘግቶ ይሆናል፤ ወይም ስኳሩን ገዝቶ በመንገድ ላይ ኳስ ይዞት ይሆናል። ለእናቲቱ ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። ተናዳ ሁለተኛውን ልጅ ብትልክ ምናልባት ሁለት ኪሎ ስኳር ይመጣላታል።

ይህ አላላክ እ.ኤ.አ. በ2005 ጄሲ ጀምስ ጋሬት የተባለ አሜሪካዊ «ኤጃክስ» የሚል ስም ካወጣለት ወዲህ በድረ ገጽ ሥራ ውስጥ ተስፋፋ። በ2015 የወጣው የጃቫስክሪፕት ደንብ «ፕሮሚስ» የሚባለውን አስገባ፤ ትርጉሙ ቃል መግባት ነው። በ2017 ደግሞ «አሲንክ» እና «አዌይት» የሚባሉት ቃላት ተጨመሩና አጻጻፉ በጣም አማረ። ማማሩ ግን መዘዝ አለው። ሁለትና ሁለትን የሚደምረው መስመርና ባሕር ተሻግሮ ከሌላ አገር ሰርቨር መልስ የሚያመጣው መስመር በወረቀት ላይ ሲታዩ አንድ መሰሉ። የመጀመሪያው ሊወድቅ አይችልም ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን በየቀኑ ይወድቃል። ተማሪው ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ለመደ።

ኔትወርኩ ቢሻሻል ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀር ነበር የሚሉ አሉ። አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1975 ሦስት ተመራማሪዎች በጽሑፍ ያሳዩት፣ በ1978 ደግሞ ጂም ግሬይ «ሁለቱ ጄኔራሎች» ብሎ የሰየመው አንድ እንቆቅልሽ አለ። ወደ አገራችን እናምጣው። አንዱ የጦር አለቃ እንጦጦ ላይ፣ ሌላው የረር ላይ ሰፍሯል፤ ጠላት ከመካከላቸው ሜዳው ላይ ነው። አንድ ላይ ከገጠሙ ያሸንፋሉ፣ ለየብቻ ከገጠሙ ያልቃሉ። የእንጦጦው «ጎሕ ሲቀድ እንግጠም» ብሎ መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው ግን መንገድ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ የየረሩ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት። ያም መልእክተኛ ቢያዝስ? «መድረሱ ደርሶኛል» ሊባል ነው። እንዲህ እየተባለ እስከ ምጽአት ቢመላለሱም ሁለቱ አለቆች ፍጹም እርግጠኛ ሆነው የሚነሡበት ሰዓት አይመጣም። ይህ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር ነው። ምንም ያህል ፈጣን መስመር ቢዘረጋ መልእክት የሚጠፋበት ዕድል እስካለ ድረስ «አልታወቀም» የሚባለው ዕጣ አይጠፋም።

አሁን ከሒሳቡ ወርደን ወደ ገበያው እንሂድ። ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ብንል ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። የሸማኔው ጋቢና ነጠላ፣ ጥለት ያለው ቀሚስ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሏል። ለበዓል ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ለአባቱ ጋቢ ይመርጣል፤ ተከራክሮ ይስማማል፤ ስልኩን አውጥቶ ይከፍላል። በመስታወቱ ላይ ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች። ከዚያ «ስሕተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ሒሳቡን ሲያይ ገንዘቡ ጎድሏል።

«እትዬ፣ ከኔ ተቆርጧል።»

«ልጄ፣ ለኔ አልገባልኝም።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ክርክር በሽሮ ሜዳ ያላየ ወይም ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም፤ የየትኛው ድርጅት አገልግሎት እንደ ሆነ መጥቀስ አያስፈልግም። ተማሪው የታዘዘውን አድርጎ እንደገና ቢሞክር ምናልባት ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ካልሞከረ ጋቢው ከመደርደሪያው አይነሣም። ባለ ሱቋ እምነት ጥላ ብትሰጠው፣ ገንዘቡም ሳይገባ ቢቀር፣ ለሸማኔው የምትከፍለው ከኪሷ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በዚያች ሰዓት ከዚያ የለም፤ አንድም ሳንቲም አይጎድልበትም።

በነገራችን ላይ «ስሕተት ተፈጥሯል» የሚለውን አነጋገር የቋንቋ ተማሪዎች ቢመረምሩት ደስ ይለናል። ማን ፈጠረው? ግሡ ባለቤቱን ደብቆታል። «ሲስተም የለም» የሚለው የወረዳው ሠራተኛ ከዚህ ይልቅ ሐቀኛ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ እሱ ቢያንስ «ሂድና ኋላ ተመለስ» ይላል እንጂ «አሁኑኑ እንደገና ክፈል» አይልም።

ታዲያ ኮዱ ውስጥ ምን አለ? በየዓመቱ በሚቀርቡት የተማሪ ፕሮጀክቶች ላይ የሚታየውን እንናገር። ስሕተት ሲመጣ የሚቀበለው «ካች» የሚባለው ክፍል ብዙ ጊዜ ባዶውን ተቀምጧል፤ ወይም ፕሮግራመሩ ብቻ በሚያየው ኮንሶል ላይ አንዲት መስመር ይጻፍበታል። ስሕተቱን ያዘው ይባላል። ዋጠው እንጂ መች ያዘው? ከተዋጠ በኋላ ክቧ መሽከርከሯን ትቀጥላለች፣ የተጫነው ቁልፍ እንደ ደበዘዘ ይቀራል፣ ሰውየውም ገጹን ዘግቶ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ካለ ኮድ ምንም ያልተጻፈበት ይሻላል። በሰርቨር በኩል «ኖድ» የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 15ኛ እትሙ ጀምሮ ማንም ያልተቀበለው የፕሮሚስ ውድቀት ሲያገኝ ፕሮግራሙን በሙሉ ያቆመዋል። ጭካኔ ይመስላል፤ እኛ ግን ትክክል ነው እንላለን። የቆመ ፕሮግራም ይታያል፤ ዝም ብሎ የሚያበላሽ ግን አይታይም።

ሌላው «ፌች» በሚባለው መላኪያ ላይ የሚደርስ ነው። ስሙን እንጂ ጠባዩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 ብሎ ቢመልስ፣ ማለትም «የጠየቅኸው የለም» ወይም «እኔ ራሴ ተበላሽቻለሁ» ቢል፣ «ፌች» ይህን እንደ ውድቀት አይቆጥረውም። መልስ መጥቷልና! እንደ ውድቀት የሚቆጥረው ኔትወርኩ ሲቋረጥ ወይም ጥያቄው ከነጭራሹ ሳይላክ ሲቀር ነው። መልሱ ደኅና መሆን አለመሆኑን ፕሮግራመሩ ራሱ ካልተመለከተ የሰርቨሩ የጣር ድምፅ «ተሳክቷል» በሚል አረንጓዴ ምልክት ተጠቅልሎ ለተጠቃሚው ይደርሳል። በዚህ ላይ «ፌች» ከራሱ የሆነ የመጠበቂያ ገደብ የለውም፤ ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቀህ ተው ብሎ የሚያዘው ፕሮግራመሩ ነው። የዚህ አሠራር ፈጣሪዎች ለምን እንዲህ እንዳደረጉት ምክንያት አላቸው፤ ቢሆንም ለጀማሪ ወጥመድ ነው ከማለት አንመለስም።

እስካሁን ያወራነው ሥራው ተሠርቶ ሳለ «አልተሠራም» ስለሚባልበት ነው። የዚህ ተገላቢጦሽ፣ እምቢ መባል ሲገባው «እሺ» የሚባልበት፣ በኛው በተማሪዎች ላይ የደረሰውን ማንም አይረሳውም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለሚያወጡና ለሚያስተላልፉ ሰዎች ከለከለኝ ሳይል ከፈለ። ወሬው በየዩኒቨርስቲው ግቢ በስልክ ተዳረሰ፤ ተማሪው ከአልጋው ተነሥቶ በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰለፈ። ባንኩ ችግሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ የመጣ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በዚያች ሌሊት ያላግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናገሩ፤ ወሩ ሳያልቅም ከዚህ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ተመለሰ። ዩኒቨርስቲዎች መልሱ የሚል ማስታወቂያ አወጡ፤ ያልመለሱትም ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ ታየ።

የራሱ ያልሆነውን ገንዘብ የወሰደ መመለሱ ግዴታው ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ስለ ተማሪው ጠባይ ሲያወራ ከረመ እንጂ ስለ ማሽኑ ጠባይ ያወራ ጥቂት ነበር። ማጣራት ያልቻለ ሲስተም ምን ማለት አለበት? ይህ የኛ የሙያ ጥያቄ ነው። ገንዘብን በሚመለከት ማጣራት ሲያቅት «ለጊዜው አልችልም» ማለት ይገባል፤ በሐኪም ቤት የበሽተኛን የደም ዓይነት በሚያሳይ ገጽ ላይ ግን ትናንት የተቀመጠውን «የትናንት ነው» ብሎ ማሳየቱ ባዶ ገጽ ከማሳየት ይሻል ይሆናል። አንድ ደንብ ለሁሉ አይሆንም። ፕሮግራመሩ ሥራው ለማን እንደ ሆነና ሲወድቅ ማን እንደሚጎዳ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ተመልሶ አይገኝም።

መድኃኒቱስ? ትልቁ መድኃኒት አያቶቻችን በፖስታ ቤት የሚያውቁት ነው። አገራችን የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ከሆነችበት ከ1908 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰው ቁም ነገር ያለበትን ደብዳቤ በሬኮማንዴ ሲልክ ኖሯል። ሬኮማንዴ ቁጥር አለው፤ ላኪው ደረሰኝ ይይዛል። ደብዳቤው የዘገየበት ሰው ሌላ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ «ይህ የት ደረሰ?» ይላል። ፕሮግራሙም እንዲሁ ያድርግ። ክፍያው ከመላኩ በፊት ስልኩ ራሱ አንድ መለያ ቁጥር ያውጣለት፣ በስልኩም ውስጥ ይመዝግበው። መልስ ካልመጣ በዚያው ቁጥር ደግሞ ይላክ። ሰርቨሩ ቁጥሩን ከዚህ ቀደም ያስተናገደው ከሆነ ሥራውን አይደግምም፤ የመጀመሪያውን መልስ መልሶ ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ ተማሪው መቶ ጊዜ ቢጫን አንድ ጊዜ ነው የሚከፍለው። በድረ ገጽ ደንብ «ጌት»፣ «ፑት» እና «ዲሊት» የሚባሉት የጥያቄ ዓይነቶች ቢደጋገሙ ውጤታቸው እንዳይለወጥ ሆነው የተደነገጉ ናቸው፤ «ፖስት» ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፤ ክፍያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚላከው በ«ፖስት» ነው። ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መድገምም ወግ አለው። የኮርስ ምዝገባ በሚከፈትበት ወይም የፈተና ውጤት በሚወጣበት ሰዓት ሺህ ስልኮች በአንድ ሰከንድ ይጠይቃሉ፤ ሰርቨሩ ይወድቃል፤ ሺዎቹም እኩል በአንድ ሰከንድ ይደግማሉ፤ የተነሣው ሰርቨር እንደገና ይወድቃል። ብልኅ ፕሮግራም አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፤ በዚያም ላይ ሁሉም እኩል እንዳይነሡ በዕጣ የወጣ ትንሽ ጊዜ ይጨምርበታል። ሰርቨሩ 503 ወይም 429 ብሎ «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ተመለስ» ካለውም ቃሉን ያከብራል። የማይደገምም አለ፤ የተሳሳተ የይለፍ ቃል አሥር ጊዜ ቢላክ ትክክል አይሆንም።

ለሰውየው የሚነገረውስ? እኛ እንዲህ ቢጻፍ እንወዳለን፤ «ጥያቄዎ ተልኳል፤ መልሱ ገና አልደረሰንም። ቁጥሩ ይህ ነው። እንደገና አይክፈሉ፤ ውጤቱን እናሳውቅዎታለን።» ረዥም ነው የሚል ይኖራል። በሽሮ ሜዳው ሱቅ ግን ተማሪው ይህን ለእትዬ ሊያሳያት ይችላል፤ እሷም ቁጥሩን በደብተሯ ጽፋ ጋቢውን ለነገ ልታስቀምጥለት ትችላለች። ክርክሩ ከሁለቱ ላይ ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርስቲው በኮምፒዩተር የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ያሰበ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበዋል። በእንዲህ ያለ ፈተና ተማሪው መልሱን ሲጫን ምልክት ይለወጣል። ምልክቱ የተለወጠው ተማሪው ስለ ነካው ነው ወይስ ሰርቨሩ ስለ ተቀበለው? ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በተለያየ ምልክት መታየትም አለባቸው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ባለችው ደቂቃ የተመለሰው ጥያቄ የት ገባ ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ ቀጣዩን ጥያቄ በሙሉ ልቡ ሊያነብ አይችልም።

«ጥፋቱ የቴሌና የመብራት ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» የሚለው ምክንያት እጅግ የተለመደ ነው። እርግጥ ነው፣ መስመሩ ይቋረጣል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልኩን የኪስ ቦርሳው ያደረገው ሕዝብ ብዙ ነው። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መስመሩ እንደሚቋረጥ ከመጀመሪያው ማወቅ አይገባውምን? ጎርፍ ባለበት አገር ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ዝናቡን አይወቅስም። የምንማርባቸው መጻሕፍት መብራት በማይጠፋባቸው ከተሞች ስለተጻፉ ስለ መቋረጥ የሚናገሩት በመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ለኛ ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ መሆን ነበረበት። በዚህ ጥበብ ከዓለም ተማሪ ሁሉ ቀድመን የምንገኝበት ምክንያት በየቀኑ በደጃችን አለ።

ዋናው እንቅፋት ግን የነጥብ አሰጣጣችን ይመስለናል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ዲፌንስ በሚደረግበት ቀን ኔትወርኩ ደኅና ወደሆነበት ክፍል ይመረጣል፤ ሰርቨሩም ብዙ ጊዜ እዚያው በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ቁልፉ ይጫናል፤ አረንጓዴው ምልክት ይመጣል፤ ይጨበጨባል። ገመዱን የሚነቅል ፈታኝ የለም። ተማሪው የሚፈተንበትን ያጠናል፤ የማይፈተንበትን ይተዋል። በዚህ ሊወቀስ አይችልም።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረት ለትምህርት ክፍሎቹ እንዲያቀርብ የምንጠይቀው ይህ ነው። በሚመጣው ዲፌንስ፣ በኔትወርክ የሚሠራ ፕሮጀክት ሁሉ ሁለት ተጨማሪ ሙከራ ይደረግበት። በመጀመሪያው ፈታኙ በገዛ እጁ ኔትወርኩን ያጥፋና ተማሪው ቁልፉን ይጫን። በሁለተኛው ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ ሥራው ከተሠራ በኋላ መልሱ ሳይመለስ ኔትወርኩ ይጥፋ፤ ከዚያ ተበርቶ ተማሪው ደግሞ ይጫንና ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ክፍያ ወይስ ሁለት ክፍያ እንደ ተመዘገበ ተከፍቶ ይታይ። ሁለተኛው ከባድ ይመስላል እንጂ ሰርቨሩ መልሱን አሥር ሰከንድ እንዲያዘገይ የሚያደርግ አንድ መስመር ከተጨመረበት ማንም ሊያደርገው ይችላል። ከመቶው አሥር ነጥብ ለዚህ ቢመደብ ይበቃል። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤውን ከዲፌንሱ መርሐ ግብር በፊት ቢያደርስልን፣ ፊርማ ለማሰባሰብ ፈቃደኛ የሆኑ ከአራት ኪሎም ከአምስት ኪሎም አሉ። ሐሳቡን የሚቃወም ካለ፣ በተለይም አሥር ነጥብ በዛ የሚል፣ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ እንመልስለታለን።